ጭራዋ ያልተሰበረ ሞላ

ጃጎ ትሬሎርን ያገኙት ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ጅረቱ ውስጥ ነው። ሄልሜቱ ለሁለት ተከፍሏል። ብስክሌቱ ከጎኑ ተገልብጧል። ዲስኩን ነክሶ የሚይዘው የፍሬን ማቀፊያ ከፊት ጎማው ራጂዎች መሐል ተሰንቅሮ ጎማውን ቀጥ አድርጎታል። በፔንዋርን ከተማ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ስለሌለ ማስረዳት አላስፈለገም። ፍሬኑ ጎማውን ከሁለት ጎን ከሚይዘው ፎርኬላ ተነቅሎ ጎማው ውስጥ ገባ፤ ጎማው ቆመ፤ ጃጎ ግን አልቆመም።

ፍሬኑን ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን የጠገነችው እህቱ ቴጋን ናት። ይህንንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

የከተማው ብቸኛ ፖሊስ ዱጋን ላንስስተን ከተማ ወዳለው የምርመራ ክፍል ደወለ።

«ሳጅን፣ አንዲት ሴት እሰሩኝ ብላ አስቸግራኛለች።»

«እሰራታ።»

«አስሬያት ነበር። ፈታኋት። ተመልሳ መጥታ እስር ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠች። እህል አትቀምስም። ነገ ዳኛ ፊት ቀርባ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ ልትል ነው።»

«ገድላዋለች?»

«ጥገናው ተነቅሎ ከሬሳው አጠገብ ተገኝቷል።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«ቀበቶዋንና የጫማዋን ማሰሪያ ወስጃለሁ» አለ ዱጋን። «ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልመጣልኝም።»

«መጣሁ» አለች ሳጅን ሮዋና ቤክ።

ቤክ ሃምሳን ያለፈች፣ አጭር፣ መኪና ስትነዳ የስጋ ፓይ እየበላች ፍርፋሪውን ደረቷ ላይ የምታራግፍ ሴት ናት። ሰው ሲያለቅስ አብራ አታዝንም፤ ሲዋሽም አትቆጣም። ሁለቱንም ትመለከታለች። በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ እምብዛም አትወደድም።

ዱጋን ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ከረጢቶቹን ደረደረላት። በአንደኛው ውስጥ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ የሽቦ ጥቅል አለች። ተለጥጣ ቅርጿን አጥታለች።

«ይህቺ ሞላ ናት ጥገናው» አለ ዱጋን። «ፎርኬላው ላይ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ጥርሱ ተበልቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ቀዳዳውን ያሰፉና ሌላ ጥርስ ያወጡለታል፤ ከዚያ ይህቺን የብረት ሞላ ጠምዝዘው ያስገቡበታል። ብሎኑ የሚይዘው ሞላዋን ነው። በደንብ ከተሠራ ከድሮው ይበረታል። ካልተሠራ ይኸው። ሞላዋ ተመዝዛ ወጣች፣ ብሎኑም ተከተላት።»

ቤክ ከረጢቱን ወደ መስኮቱ አነሣች። የሞላዋ አንድ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ መሐሏን አቋርጦ እንደ አጭር ጭራ ቆሟል። ቀጥላ ብሎኑን አየች፤ ጥርሱ ውስጥ ቢጫ ነገር ደርቋል።

«ግሪስ ነው» አለ ዱጋን።

ቤክ በጥፍሯ ፍቃ አሸተተችው። «ግሪስ አይሰባበርም። ሌላኛውስ ብሎን? ማቀፊያው በሁለት ነው የሚታሰረው አይደል?»

«የላዩ? እሱም ወጥቶ ጭቃው ውስጥ ነው ያገኘነው። ያው የታችኛው ሲነቀል አብሮ ተነቅሎ ይሆናላ።»

«የዚህ ጥርስ ደህና ነው። የቀዳዳውም ደህና ነው። ተነቅሎ የወጣ ብሎን እንዲህ አይሆንም፤ እንዲህ የሚሆነው ሲላላ ነው። የታችኛውን ቀዳዳ አጥባችሁታል?»

«በጭቃ እንደተሞላ ነው።»

«ይጠብ።»

ከከረጢቶቹ ጎን የጃጎ የጀርባ ቦርሳ ነበር። ውስጡ ውኃ፣ ፓምፕ፣ ጥቀርሻው እጅ ላይ የሚቀር የተጨማደደ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው አፉ እንደ ማንቆርቆሪያ የሾለ ሲሆን ከጎኑ አንድ የነሐስ ድጋፍ ተርፎለታል።

«ጃጎ የተቃጠለው ሸንተረር ላይ የብስክሌት መንገድ ነበር የሚጠርገው» አለ ዱጋን። «የወደቀ ሁሉ ይሰበስባል። ባለፈው በጋ የተነሣው እሳት ነው እንግዲህ፤ ሁለት ሰው በልቷል። አንዷ እናታቸው ናት፤ የጃጎና የቴጋን። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የፊታችን ሳምንት አጣሪ ኮሚሽን ይቀመጣል።»

ቤክ ቆርቆሮውን ወደ ቦርሳው አልመለሰችውም።

*

ቴጋን እስር ክፍሉ ውስጥ መሬት ላይ ነበረች። አልጋውን አልነካችውም። ጫማዋ ማሰሪያ ስለሌለው ምላሱ ወጥቷል።

«ያሳዩሽን ሞላ አይተሻታል?» አለቻት ቤክ።

«አሳይተውኝ ነበር። ፊቴን አዞርኩ።»

«ለምን?»

«ምን አያለሁ? የእኔ ሥራ ናት። ድካም ላይ ነበርኩ። ዋሪክ፣ ባሌ፣ ደክሞሻል ነገ ይደርሳል ብሎኝ ነበር። ጃጎ ደግሞ አሁን ካልሆነ ብሎ ነዘነዘኝ። እሺ አልኩት። በቃ። ሌላ ምን ልበልዎት?»

«ተነሺ። ወደ ወርክሾፑ እንሂድና አንዲት ሞላ ግጠሚልኝ።»

«ከእንግዲህ ይህ እጅ ብረት አይነካም።»

«ነገ ዳኛው እንዴት ገደልሽው ይልሻል። እኔ ራሴ አልገባኝም። ካላሳየሽኝ ሰው ሳይገባው አይፈርድብሽም።»

ክፉ ንግግር ነው። ግን ቴጋንን ከመሬት ያስነሣት እሱ ነው።

ወርክሾፑ ከመኖሪያ ቤቷ ጀርባ ያለ ትልቅ መጋዘን ነው። ቴጋን ጥርሱ የተበላ ቁራጭ አልሙኒየም በሞርሳው መንጋጋ መሐል አሰረች። መሰርሰሪያውን አነሣች። ሰፋ አድርጋ በሳች፤ ጥርስ ማውጫውን ዘይት ቀብታ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት እያለች ቆረጠች። ፍርፋሪውን በአየር ነፋችው። ከመደርደሪያው ክፍት ጣሳ አንዲት አዲስ ሞላ አነሣች፤ ጭራዋን መሣሪያው ጫፍ ላይ አስያዘችና ከቀዳዳው አፍ ትንሽ ዝቅ እስክትል ጠመዘዘቻት። ከዚያ ቀጭን ዘንግ አስገብታ መታ አደረገች።

ጠቅ አለ።

የተሰበረችውን ጭራ በወረንጦ አውጥታ አሮጌ የቬጂማይት የዳቦ ቅባት ብልቃጥ ውስጥ ጣለቻት። ብልቃጡ በጥቃቅን ሽቦ ግማሽ ድረስ ሞልቷል።

«ያ ምንድነው?»

«ጭራ ነው። ሞላዋን ይዞ ለማዞር ነው የሚያገለግለው። ከገባች በኋላ ይሰበራል።»

«ባይሰበርስ?»

«ብሎኑ አይገባማ! መሐል መንገድ ላይ ተጋርጦበት?» ቴጋን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች፤ እንደ ማንኛውም ባለሙያ የአላዋቂ ጥያቄ አናደዳት። «ሁሉንም እዚህ የምጥለው ቀዳዳ ውስጥ እንዳይቀር ነው። የጃጎም እዚሁ አለች። ከላይ ያለችው እሷ ናት። ነበረች።»

«ብዙ ጠግነሻል።»

«በዚህ ያልጠገንኩት የለም። የሣር ማጨጃ፣ የጎረቤት በር። የዋሪክን የንብ ማጨሻ ሳይቀር። አዲስ ግዢልኝ እንጂ ይኼን ቆርቆሮ ብሎ ስንት ቀን ሣቀብኝ።»

«እዚህ ማን ይገባል?»

«ጠዋት ጠዋት ሻይ የምንጠጣው እዚህ ነው። እኔ፣ ዋሪክ፣ ጃጎ፣ ላኪ፣ ናይሪ። የዚያን ዕለትም ጠዋት ሁላችንም ነበርን። ብስክሌቱ እዚህ አድሮ ነበር። ጃጎ ግቢው ውስጥ ሞከረው። ይዞ ነበር።» ቴጋን መዳፏን ፊቷ ላይ ጫነች። «ይዞ ነበር እኮ።»

«ጣሳውስ? ሞላዎቹ ያሉበት?»

«የፈለገ ይወስዳል። ማን ይከለክላል?»

*

ላኪ ኦግልቪ ከጃጎ ኋላ እየወረደ የነበረ፣ መጀመሪያ የደረሰበት ሰው ነው። ጉልበቱ ላይ ያለው ቁስል አልደረቀም። እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ነው የጠበቃት።

«ፍቅረኛውን ናይሪን ቀማሁት፤ ስለዚህ ገደልኩት። ይኼው ነው የሚወራው፣ አይደል?»

«ቀማኸው?»

«ናይሪ ዕቃ ናት እንዴ የምትቀማ? ጥላው መጣች። እሱም አንድ ቡጢ አቀመሰኝ፤ ከዚያ ቢራ ጋበዘኝ። ጃጎ ማለት እንዲህ ነው። ነበር።» እግሩን አወረደ። «ሳጅን፣ ጎማው ሲቆም ድምፁን ሰምቻለሁ። ያንን ድምፅ ከጆሮዬ የሚያወጣልኝ ካለ የፈለጋችሁትን እፈርማለሁ።»

«ቴጋን ነበረች ብስክሌትህን የምትጠግነው?»

«የራሴን ራሴ ነኝ የምጠግነው። ሞላም እገጥማለሁ። ቴጋን ቤት የምሄደው ሻዩ ነጻ ስለሆነ ነው።»

«የብስክሌትህን ካቴና በምን ታለሰልሳለህ?»

«በነጭ የሻማ ሰም። ምን አገናኘው?»

ናይሪ ቴ ፓ ቦርሳና ኮርቻ የምትሰፋበት ክፍል ቆዳ ቆዳ ይሸታል። መስፊያውን ሳታስቀምጥ መለሰች።

«አዎ፣ ትቼዋለሁ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ከእናቱ ሞት በኋላ ከዚያ ሸንተረር አልወርድ ስላለ ነው። አመዱን በወንፊት ሊነፋ ምንም አልቀረው። እሳቱ የት እንደተነሣ ካላወቅሁ አለ። ከአመድ ጋር አልኖርም አልኩት። እንግዲህ ይኼ ወንጀል ከሆነ ጻፊው።»

«አግኝቶ ነበር?»

«የሞተ ሰሞን ጸጥ ብሎ ነበር። ጃጎ ጸጥ ካለ አንድ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። አልነገረኝም።»

«ይህ ጠረጴዛሽ ላይ ያለው ቢጫ ነገር ምንድነው?»

«የንብ ሰም። ቆዳ አሽበታለሁ። ከዋሪክ ነው የምወስደው።»

«የብሎን ጥርስ ትጠግኛለሽ?»

«ቆዳ ሳልጀምር ከቴጋን ጋር ነበር የምሠራው። ያንን ብልቃጥ እስከ ግማሽ የሞላሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።» ናይሪ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ቴጋን ሞላ አትስትም። ደክሟትም አትስትም። ይህን ለዱጋን ነገርኩት፤ ጓደኛዋ ስለሆንሽ ነው አለኝ።»

ዋሪክ ሄስፕ ለሚስቱ ሾርባ በዕቃ ይዞ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ረጅም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ እጁ በንብ መርፌ ያበጠ ሰው ነው።

«አልቀበልም አለችኝ» አለ። «ጠበቃ አነጋግሬላታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስህተት እንጂ ግድያ አይባልም ብሎኛል፤ ምናልባት እስርም ላይኖረው ይችላል። ማንም ሰው ይሳሳታል። ነገ እንዳመነች ብታልፈው ይሻላታል። ምርመራው በተራዘመ ቁጥር ነው የምትጎዳው።»

«ሥራዋን ታውቀዋለህ?»

«እኔ? መፍቻ ከማንኪያ አልለይም። ትሥቅብኛለች።»

«እሳቱ የተነሣ ዕለት ንቦችህ የት ነበሩ?»

ዋሪክ ሾርባውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ከወንዙ ማዶ። ከሸንተረሩ በጣም ሩቅ። እሳት ማንደድ የተከለከለበት ቀን ስለነበር ቀፎም አልከፈትኩም። ለምን?»

«ለመጠየቅ ያህል።»

*

ቤክ ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቴጋን በዱጋን ተደግፋ መጣችና ሞርሳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዋሪክ ትከሻዋን ሊይዝ ሲል ፈቀቅ አለች፤ ማንም እንዲነካት አልፈለገችም። ሞርሳው ላይ የጃጎ ፎርኬላ ታስሯል፤ ቀዳዳው ታጥቧል።

ቤክ ብሎኑን በፒንሳ ይዛ በላይተር ሞቅ አደረገችው። ቢጫው ነገር ቀለጠና አንዲት ጠብታ ወደቀች። መጋዘኑ ማር ማር ሸተተ።

«ግሪስ አይደለም፤ የንብ ሰም ነው። አንድ ሰው ከታችኛው ቀዳዳ ሞላውን አውጥቶ ብሎኑን በሰም አጣብቆ መለሰው። የላዩንም ብሎን ጥቂት ጥርስ ብቻ እስኪቀረው አላልቶ በሰም ደገፈው። ጃጎ ግቢ ውስጥ ሲሞክረው ሰሙ ቀዝቃዛ ስለነበር ያዘለት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን ይግላል። ሰሙ ቀለጠ።»

«እንግዲህ የንብ ሰም ያለው...» አለ ላኪ፤ ናይሪን ሳያስበው አየና አፉን ዘጋ።

«ጎሽ፣ እሷ ናት በላ» አለችው ናይሪ። «ማታ ደግሞ እራት ሥሪልኝ ትለኛለህ።»

«ናይሪና ዋሪክ» አለች ቤክ። «የላኪ ሰም ነጭ ነው። አሁን ወደ ሞላዋ። ቴጋን፣ ይህችን እዪልኝ።»

«አልፈልግም።»

«እስካሁን ያላየሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላው ሁሉ ያየው ሳይገባው ነው።»

ቴጋን ከረጢቱን ተቀበለች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የወጣው ዘግይቶ ነው።

«ጭራ አላት።»

«አዎ።»

«ጭራ ያላት ሞላ ውስጥ ብሎን አይገባም። ይህቺ ብሎን አይታ አታውቅም። ይህቺ የእኔ አይደለችም።»

«ከጣሳው የተነሣች አዲስ ሞላ ናት» አለች ቤክ። «በፒንሳ ተለጥጣ ሬሳው አጠገብ የተጣለች። የአንቺዋን ሲያወጣ ጥሏት ይሆናል። ሦስታችሁም ሬሳውን ልታነሡ ወርዳችሁ ነበር። የጣላት ሰው ጥገናው የተነቀለ እንዲመስል ፈልጎ ነው። ሞላ ጣሳ ውስጥ ምን እንደምትመስል ያውቃል፤ ተገጥማ ምን እንደምትመስል ግን አያውቅም። ላኪ ያውቃል። ናይሪ ብልቃጡን እስከ ግማሽ ሞልታለች። ስለዚህ የንብ ሰም ያለው፣ ሞላ ግን ገጥሞ የማያውቅ ሰው ነው የምፈልገው። መፍቻ ከማንኪያ የማይለይ።»

ሁሉም ዋሪክን አየ። ዋሪክ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ሳጅን፣ በአንዲት ሽቦ ጭራ...? ጃጎ ወንድሜ ማለት ነው። ምን አድርጎኝ?»

ቤክ የተቃጠለውን ቆርቆሮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይህ ከጃጎ ቦርሳ የተገኘ ነው። እሳቱ ከተነሣበት ሸንተረር። የጢስ ማጨሻ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ወናፉና እንጨቱ ተቃጥሏል። ግን የንብ ማጨሻ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የማን እንደሆነ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችም። ቴጋን ቆርቆሮውን አንሥታለች። ከጎኑ የተረፈውን የነሐስ ድጋፍ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ጥቀርሻው ሲለቅ ከቀዳዳው ውስጥ የብረት ሞላ ብልጭ አለ። ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፤ ጭራው የተሰበረ።

«ይኼ የእኔ ሥራ ነው» አለች።

የመጋዘኑ ጣሪያ በንፋስ ተንኳኳ።

«ዋሪክ፣ ከወንዙ ማዶ ነበርኩ ብለኸኝ ነበር። ማጨሻው ወንዝ ውስጥ ወደቀ ብለኸኝ ነበር። እናቴን ስንቀብር እጄን ይዘኸኝ ነበር።»

ዋሪክ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። «አደጋ ነው» አለ። «ንቦቹ ተቆጥተው ነበር፣ ትንሽ ጢስ ብቻ... አንድ ፍንጣሪ። አንዲት ፍንጣሪ ናት፣ ቴጋን። ማንንም ላቃጥል አልወጣሁም።»

«ፍሬኑስ?» አለች ቤክ። «እሱም ፍንጣሪ ነው?»

«አጣሪው ከመቀመጡ በፊት ራስህ ተናገር አለኝ ጃጎ። ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ አለ። ለእህቱ እንኳ አልነገራትም፤ አንተ ንገራት አለኝ። እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?» ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እውነተኛ እንባ ነው። «አንቺን እንዳይጎዱሽ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ እኮ። ጠበቃው ቀላል ነው ብሎኛል። ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም፣ ምናልባትም በገደብ...»

ላኪ ሊዘልበት ሲል ዱጋን በደረቱ አስቆመው። ቤክ ካቴናውን አወጣች። ዋሪክ እጁን ሰጠ፤ ያበጠ እጁ ላይ ካቴናው ጠበበ።

ካወጡት በኋላ ናይሪ ቴጋን አጠገብ ቆመች። ቴጋን ወደ ሞርሳው ዞረች። ትንሽ ጣቷን ፎርኬላው ቀዳዳ ውስጥ አስገብታ በጥፍሯ ጥርሱን ዳሰሰች፤ አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች። ሞላዋ ተነቅላ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥርስ ተበጣጥሶ ይወጣ ነበር። በቢላ ጫፍ ቀስ ብለው ጠምዝዘው ስላወጧት ግን አንድም አልተነካም።

«ደህና ነው» አለች። «አልተበላም።»

«አልተበላም» አለች ቤክ።

«እኔ አይደለሁም።»

«አንቺ አይደለሽም።»

ቴጋን ጣቷን አላወጣችም። ቤቷ ከመጋዘኑ በር ይታያል። መስኮቱ ላይ የዋሪክ የማር ማሰሮዎች ተደርድረው ፀሐይ እየመታቸው ነው። ከእነሱ ወዲያ በሩ ላይ የጃጎ ጃኬት ተሰቅሏል።

ዱጋን ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያዎቹን ከኪሱ አውጥቶ ወደ እሷ መጣ። «ይኸው ዕቃሽ» አለ። «ነገ ፍርድ ቤት መሄድ የለብሽም። ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ።»

ቴጋን ቤቱን አየች፤ ከዚያ ዱጋንን።

«እስር ክፍሉ» አለች፣ «ዛሬም ክፍት ነው?»

ዱጋን እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ቀበቶውን ይስጣት ወይስ ይያዘው ግራ ገብቶት ሳጅኗን አየ፤ ቤክ ግን መስኮቱ ላይ ያሉትን የማር ማሰሮዎች እያየች ነበር።